ጥለት በሳሎን ግድግዳ ላይ

ጥያቄ፦ ሰላም! ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። የሳሎኑን አንድ ግድግዳ እንደ ነጠላ ጥለት ባለ ንድፍ ላስጌጠው ፈልጌ ቀለም ቀቢው «በዘይት ቀለም ይሁን፣ አይለቅም» አለኝ። እህቴ ደግሞ ፕላስቲክ ቀለም ትላለች። ማንን ልስማ?

መልስ፦ እህትሽን። የዘይት ቀለም ለበርና ለብረት ነው። ሳሎን ላይ ያብረቀርቃል፣ ማታ መብራት ሲበራ ደግሞ የግድግዳውን ጉድ ሁሉ፣ በስቱኮ የተሸፈነውን ሳይቀር አውጥቶ ያሳይሻል። ሽታውም ቶሎ አይለቅም፤ ነጩማ እየቆየ ወደ ቢጫ ይሄዳል።

የማያብረቀርቅ ፕላስቲክ ቀለም ግዢ። ለጥለቱ ትንሽ ስለሚበቃ ሙሉ ጋሎን እንዳያሸክሙሽ። ግድግዳው ድሮ ዘይት ተቀብቶ ከሆነ ግን መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተግ፣ አለዚያ ይላጣል።

መስመሩ ቀጥ እንዲል የወረቀት ፕላስተር ለጥፊ። ከዚያ (ይቺን ብዙዎች ይዘሏታል) የፕላስተሩን ጠርዝ በራሱ በግድግዳው ቀለም አንዴ ቀቢው። ሲደርቅ ቀዩን ወይ አረንጓዴውን ደርቢበት፣ ከሥር አይሾልክም። ፕላስተሩን ቀለሙ ጨርሶ ሳይደርቅ ቀስ ብለሽ አንሺ።

ቀለሙን ሱቅ ውስጥ አይተሽ እንዳትወስኚ። ካርቶን ላይ ቀብተሽ ግድግዳው ላይ አስደግፊና ቀንም ማታም እዪው።