ለ4 ዓመት ልጅ የመጀመሪያ እንስሳ፦ መሸሽ የሚችለውን ምረጪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የዛሬ 6 ዓመት የራሴ ቤት ነው ትዝ ያለኝ። የ4 ዓመት ልጅሽ "እንስሳ ይምጣልኝ" ብላ መቀመጫ አሳጥታሻለች። አንቺ ጥንቸል አስበሻል። ባለቤትሽ "ዓሣ ይሻላል፣ ጣጣ የለውም" ይላል። እህትሽ ደግሞ ቡችላ ልትሰጣችሁ ነው። የቱን ልምረጥ ብለሻል። እኛ ቤት ጥንቸልም፣ ዓሣም፣ ድመትም ገብቷል። ሁለቱን አበላሽተን በሦስተኛው ነው የተሳካልን። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ። ለ4 ዓመት ልጅ የሚሆነው እንስሳ ከልጁ መሸሽ የሚችል ነው። ሲበቃው ተነሥቶ የሚሄድ፣ ልጁ የማይደርስበት ቦታ ላይ የሚወጣ። ለእኔ ይሄ ማለት ያደገ፣ ጠባዩ የታወቀ፣ ረጋ ያለ ድመት ነው። የድመት ግልገል አላልኩም፤ ያደገ።

ለምን እንዲህ እንደምል እንዲገባሽ ከጥንቸሏ ልጀምር።

ጥንቸሏን ስናመጣት ልጄ ልክ እንደ ልጅሽ 4 ዓመቱ ነበር። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ድምፅ የሌላት። ለሕፃን ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል ብዬ ነበር። ያላወቅኩት ነገር ጥንቸል በተፈጥሮዋ የምትታደን እንስሳ መሆኗን ነው። ከመሬት ብድግ ሲያደርጓት ጭልፊት የነጠቃት ያህል ትደነግጣለች። የኋላ እግሮቿ በጣም ኃይለኛ ናቸው፤ አጥንቷ ግን ስስ ነው። ተይዛ ስትራገጥ የገዛ ጀርባዋን ልትሰብር ትችላለች። ይሄን የነገረኝ የእንስሳት ሐኪም ነው። የነገረኝ ግን ከአደጋው በኋላ ነው።

አንድ ቀን ልጄ ሊያቅፋት አነሣት። ተራገጠች። ደረቱን በጥፍሯ ቧጨረችው፤ ደንግጦ ለቀቃት። የኋላ እግሯ ተሰበረ። እግሯ ከሳምንታት በኋላ ዳነ። ከዚያ በኋላ ግን የልጄን ድምፅ ስትሰማ አልጋ ሥር ትገባለች፣ አትወጣም። እሱ ደግሞ ወለሉ ላይ ተቀምጦ "አትወደኝም" እያለ ያለቅሳል። እስካሁን ሳስበው ያመኛል። ልጁ ክፉ አልሠራም። እሷም አልሠራችም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በመጨረሻ ትንሽ ልጅ ወደሌለበት ቤት ሰጠናት፤ እዚያ ሰላም አገኘች።

ጥንቸል መጥፎ እንስሳ ናት እያልኩሽ አይደለም። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እሷ እስክትመጣ ለሚጠብቅ ሰው ፍቅር ናት። ከ8 እስከ 12 ዓመት ትኖራለች። ልጅሽ 10 ዓመት አካባቢ ብትሆን ኖሮ ሌላ መልስ እሰጥሽ ነበር። የ4 ዓመት ልጅ ግን ፍቅሩን የሚገልጸው በእጁ ነው። ሲወድ ያቅፋል፣ ሲያቅፍ ይጨብጣል። የእጁን ኃይል ገና መመጠን አይችልም። ቁጣም ምክርም ይሄን አይለውጠውም፤ ዕድሜ ነው የሚለውጠው።

ወደ ባለቤትሽ ሐሳብ ልምጣ። "ዓሣ ጣጣ የለውም" የሚለው ብዙ ዓሣ የገደለ አባባል ነው። እኛም በዚሁ አባባል አንዲት ጎልድፊሽ (ወርቃማ ትንሽ ዓሣ) በክብ የመስታወት ጎድጓዳ ውስጥ አስገባን። በ9ኛው ቀን ሞተች። ምክንያቱን ያወቅኩት በኋላ ነው። ዓሣው ከሚያስወጣው ቆሻሻና ከተረፈው ምግብ ውሃው ውስጥ አሞኒያ ይጠራቀማል። አሞኒያ ለዓሣ መርዝ ነው። በደንብ በተዘጋጀ ገንዳ ውስጥ ግን ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይቀይሩታል። ናይትራይትም መርዝ ስለሆነ ሁለቱም ዓይነት ባክቴሪያዎች መኖር አለባቸው። እነሱ በበቂ መጠን እስኪበዙ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እኛ ውሃውን ሞልተን በዚያው ቀን ነው ዓሣዋን የጨመርናት። በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ደግሞ ዓሣውንም ባክቴሪያዎቹንም ይጎዳል፤ መጀመሪያ መወገድ አለበት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ዓሣዋ ስትሞት ልጄን "ተኝታለች" አልኩት። እንዳይደነግጥ ብዬ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን መተኛት ፈራ። "እኔም እንደ ዓሣዋ ብተኛስ?" ሲለኝ ነው የገባኝ። እባክሽ "ሞተች" በያት። "ሰውነቷ ሥራ አቆመ፣ ተመልሳ አትነቃም" በያት። ልጆች እውነቱን ይችሉታል። የማይችሉት የተድበሰበሰውን ነው።

ለሁለተኛ ጊዜ ስንሞክር ገንዳ ከነማጣሪያው ገዛን። ውሃውን እየለካን ያለ ዓሣ 6 ሳምንት ጠበቅን። ከዚያ ያስገባናቸው ዓሣዎች ለብዙ ጊዜ ኖሩ። ልጄ የምግቡን ቆርቆሮ አንዴ በሙሉ ገልብጦት ስለነበር ቆርቆሮውን ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አወጣሁት። የቀኑን ቁንጥር ብቻ በትንሽ ክዳን እሰጠዋለሁ፤ እሱ ይጨምራል። በዚያች ክዳን በጣም ይኮራ ነበር። ስለዚህ ዝግጅቱን ባለቤትሽ ከልቡ ከያዘው ዓሣ ይሆናል። መስታወቱ ራሱ ከልጅሽ እጅ ይጠብቀዋል። ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ ልጅሽ የምትፈልገው ወደ እሷ የሚመጣ፣ የሚያውቃት ነገር ከሆነ ዓሣ ያንን ናፍቆት አይሞላላትም። የኔ ልጅ ዓሣዎቹን ይወዳቸው ነበር፣ ግን "እነሱ ያውቁኛል ወይ?" እያለ ይጠይቅ ነበር።

የእህትሽን ቡችላ በተመለከተ ደግሞ፣ አሁን አይሆንም። ቡችላ ማለት ሌላ ሕፃን ነው። በየሁለት ሰዓቱ ግድም መውጣት ይፈልጋል፣ ሌሊትም ያለቅሳል። የወተት ጥርሶቹ እንደ መርፌ ናቸው፤ ጨዋታው ደግሞ ንክሻ ነው። ልጅሽ ስትደነግጥ ትጮሃለች፣ ትሮጣለች። እሱ ጨዋታው ደራ ብሎ ይከተላታል። ከአንድ ወር በኋላ ውሻ የምትፈራ ልጅና "ረብሸኛ" የተባለ ቡችላ ይኖርሻል። ጎረቤቴ ቤት የሆነው ይሄው ነው።

ውሻ የግድ ከሆነ ያደገ፣ ከትናንሽ ልጆች ጋር ኖሮ የታየ ውሻ ፈልጊ። እሱንም ቢሆን ከልጅሽ ጋር ለአንዲት ደቂቃ ብቻቸውን አትተያቸው። ልጆችን በብዛት የሚነክሰው የመንገድ ውሻ ሳይሆን የሚያውቁት ውሻ ነው። ውሻ ከመንከሱ በፊት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይናገራል። ፊቱን ያዞራል። ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ይልሳል። እንቅልፍ ሳይኖረው ያዛጋል። የዓይኑ ነጭ ይታያል። ድርቅ ብሎ ይቆማል። ይሄን ሁሉ ካላየንለት ያጉረመርማል። ስላጉረመረመ አትቅጪው፤ ማስጠንቀቂያውን ካስተውሽው ሳያስጠነቅቅ መንከስን ይማራል። ልጅሽን ወዲያው ከአጠገቡ አንሺያት።

ይሄንን ደግሞ እባክሽ በቁም ነገር ያዢው። ውሻም ይሁን ድመት ከነከሳት፣ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም፣ በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቢውና በዚያው ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቀላል። ከምልክቱ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። እንስሳውም ቤት ሲገባ መከተብ አለበት።

ሌሎቹን ባጭሩ ልለፋቸው። ሃምስተር የሚባለው አይጥ መሰል ትንሽ እንስሳ ቀን የሚተኛ፣ ሌሊት የሚነሣ ነው። ልጅሽ የምትፈልገው ቀን ነው፣ ሲቀሰቅሱት ደግሞ ይነክሳል። ጊኒ ፒግ፣ ከሃምስተር ተለቅ የሚለው ጅራት አልባ እንስሳ፣ ከትናንሾቹ ሁሉ ይሻላል፤ ቀን ይነቃል፣ እምብዛም አይነክስም። ግን ብቻውን ይጎዳል። ስዊዘርላንድ ውስጥ ጓደኛ የሌለው ጊኒ ፒግ ማኖር በሕግ የተከለከለ ነው። ቫይታሚን ሲም እንደ እኛው ሰውነቱ ስለማይሠራ በየቀኑ ከምግብ ማግኘት አለበት። ልጅሽ 6 ወይም 7 ሲሆናት ጥንድ አድርገሽ አስቢበት። ወፍ ለዓይንና ለጆሮ ደስ ይላል፣ ለመያዝ ግን አይሆንም። ኤሊ ግን ፈጽሞ አታስገቢ። ጤነኛ የሚመስል ኤሊ ቆዳው ላይ ሳልሞኔላ የሚባል ተቅማጥና ትኩሳት የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል፣ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ደግሞ በዚህ ክፉኛ ይታመማሉ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ዛጎሉ ከ10 ሴንቲ ሜትር ግድም ያነሰ ኤሊ ለቤት እንስሳነት መሸጥ የተከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው። እንሽላሊት፣ እንቁራሪትና ጫጩትም ሳልሞኔላ ሊያስተላልፉ ስለሚችሉ ያው ናቸው።

አሁን ወደ ድመቷ። 5 ዓመቷ ነበር። ባለቤቶቿ ሊዛወሩ ሲሉ ሰው ይፈልጉላት ነበር። መጀመሪያ ብቻዬን ሄጄ አየኋት። ሁለተኛ ጊዜ ልጄን ይዤ ሄድኩ። ልጄ ደስ ብሎት ጮኸ። እሷ አልበረገገችም፣ አልነፋችበትም። ተነሥታ ወንበር ላይ ወጣችና ከዚያ ሆና አየችው። ልቤ የወደዳት ያኔ ነው። ሦስተኛ ጊዜም ሄድን፤ ያኔ ረዘም ላለ ሰዓት ቆየን፤ ማናችንም ማስነጠስና ዓይን ማሳከክ እንደማይጀምረን ለማየት። አለርጂው የሚመጣው ከፀጉሯ ብቻ አይደለም። ከምራቋና ከቆዳዋ ነው፣ ስለዚህ "ፀጉሯ አጭር ነው" የሚል ማረጋገጫ አትቀበዪ።

ቤት ስትገባ አንድ ክፍል ለብቻዋ ሰጠናት። ምግቧ፣ ውሃዋ፣ የመጸዳጃ ሣጥኗ እዚያ ነው። ቁም ሣጥኑ ላይ ፎጣ አነጠፍንላት። የመጀመሪያውን ሳምንት እዚያው ላይ ነው ያሳለፈችው። ለልጄ የሰጠሁት ሕግ አንድ ብቻ ነበር፦ "እኛ ወደ እሷ አንሄድም፣ እሷ ወደ እኛ ትመጣለች።" እጁን እንዴት እንደሚያስኬድ አስቀድመን በአሻንጉሊት ተለማመድን። በተከፈተ መዳፍ፣ ከራስ ወደ ትከሻ። ሆድ የለም፣ ጅራት የለም። ስትበላ፣ ስትተኛ፣ ሣጥኗ ውስጥ ስትሆን አትነካም። በ12ኛው ቀን ወለሉ ላይ ሥዕል እየሣለ እያለ መጥታ እግሩ ሥር ተቀመጠች። አልነካትም። ትንፋሹን ውጦ "እማ፣ መጣች" አለኝ። ያችን ሹክሹክታ እስካሁን እሰማታለሁ።

የመጸዳጃ ሣጥኗን በየቀኑ አጽጂ፣ ልጅሽም አትቅረበው። በድመት ዓይነ ምድር ውስጥ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ሊኖር ይችላል። ሰውን መያዝ የሚችለው ከ1 እስከ 5 ቀን ከቆየ በኋላ ስለሆነ በየዕለቱ ማጽዳቱ ትልቅ መከላከያ ነው። ለእርጉዝ ሴት አደገኛ ነው። እኔ ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ ሣጥኑን ባለቤቴ ተረከበ። ከዚህ ሌላ ክትባት፣ የትላትል መድኃኒትና ማምከን ያስፈልጋታል። ጭርት ሲይዛትም ወደ ልጆች ስለሚተላለፍ ፀጉሯ ክብ ሆኖ ከረገፈ ለሐኪም አሳዪ።

አንድ ነገር ደግሞ ከራሴ ጥፋት ልንገርሽ። ልጄ አንድ ቀን ምግቧን ሊሰጣት አልፈልግም ሲል "እንግዲያው እንመልሳታለን" አልኩት። ፊቱ ሲገረጣ አየሁ። ሌሊቱን ሙሉ ድመቷን ሲጠብቅ አደረ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ብዬ አላውቅም፤ አንቺም አትበይ። እንስሳው ያንቺና የባለቤትሽ ነው። ሙሉ ኃላፊነቱ የእናንተ ነው። ልጅሽ ረዳት ናት፦ የተሰፈረ ምግብ ትጨምራለች፣ አብራሽ ታበጥራለች፣ ሁልጊዜ እጇን ትታጠባለች። ድመት 15 ዓመት ልትኖር ትችላለች። ልጅሽ 19 ዓመት ሆኗት ከቤት ስትወጣ ድመቷ ካንቺ ጋር ነው የምትቀረው። ይሄን አስበሽው ደስ ካለሽ ጀምሪ። ከከበደሽ ለልጅሽ "ገና ነው" ማለት ምንም ነውር የለውም።

ቤተሰቡ ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለ፣ ወይም አንቺ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ጻፊልኝ። ያኔ የምመልስልሽ ትንሽ ይለያል።