ቁልፉ በማን ኪስ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከተመሠረተች ገና ሁለት ዓመት የሞላት አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አገለግላለሁ። አርባ ያህል አማኞች ነን፤ አብዛኞቹ ጌታን ያወቁት እዚሁ ነው። ዝማሬው ደስ ይላል፣ ጸሎቱም ሞቅ ያለ ነው። ችግሩ ከዚያ ወዲያ ነው። ሁለት ሰው ከተጋጨ እኔ ካልገባሁበት አይታረቁም። ነቢይ መጥቷል ከተባለ ግማሹ ሰው ወደዚያ ይሮጣል። እኔ አንድ እሑድ ከቀረሁ ጉባኤው ይቀዘቅዛል። በቀደም ደግሞ አንዳንዶቹ የዮሐንስን ራእይ ካላስተማርከን ብለው ያዙኝ። ሽማግሌዎች ልሹም ወይስ ልጠብቅ? ምን ባስተምራቸው ነው የሚያድጉት? እውነቱን ለመናገር ደክሞኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጨረሻዋ ቃልህ ልጀምር። ዳኛው አንተ፣ ሰባኪው አንተ፣ ጉባኤውን የምታሞቀውም አንተ። ባይደክምህ ነበር የሚገርመኝ።

ሁለት ዓመት ትንሽ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ራስህንም እነሱንም አትውቀስ። ግን «ጊዜ ሲያልፍ ያድጋሉ» በሚለውም አትጽናና። ጳውሎስ በተሰሎንቄ ምኩራብ የተናገረው ሦስት ሰንበት ነው (ሐዋ. 17፥2)። ሁከት ተነሣና በሌሊት ከከተማው ወጣ። እነዚያን ጨቅላ አማኞች ጥሎ ነው የሄደው። ብዙም ሳይቆይ ግን ለመቄዶንያና ለአካይያ ምእመናን ሁሉ ምሳሌ እንደ ሆኑ ጻፈላቸው (1ኛ ተሰ. 1፥7)። በአንጻሩ ቆሮንቶስ ዓመት ከስድስት ወር ተቀመጠ። ከእሱ በኋላ አጵሎስን የመሰለ አንደበተ ርቱዕ መምህር አገኙ። ከዓመታት በኋላ የደረሳቸው ደብዳቤ ግን «በክርስቶስ ሕፃናት» ይላቸዋል። የተሰሎንቄዎቹም ቢሆኑ እንከን አልነበራቸውም ማለት አይደለም፤ ሥራ ፈትተው በሰው ነገር የሚገቡ ነበሩባቸው። ቢሆንም መምህራቸው በሌለበት ቆሙ።

ቆሮንቶስን በደንብ እያት፤ ያንተን ጉባኤ ሳትመስል አትቀርም። ጳውሎስ ደብዳቤውን ሲጀምር አንድ የጸጋ ስጦታ እንኳ አይጎድላችሁም ይላቸዋል (1፥7)። ልሳን አለ፣ ትንቢት አለ፣ እውቀት አለ። ምዕራፍ ሦስት ላይ ሲደርስ ሕፃናት ናችሁ ይላል። ማስረጃው ምንድን ነው? ቅናትና ክርክር። «እኔ የጳውሎስ ነኝ፣ እኔ የአጵሎስ ነኝ» መባባል። እና የዝማሬው ሙቀት ደስ ይበልህ፣ ግን በእሱ ዕድሜ አትለካ። የጉባኤህ ዕድሜ የሚታወቀው ሰኞ ዕለት፣ ሁለት ሰው ሲጋጭ ነው።

እዚያው ምዕራፍ ላይ አንዲት ቃል አለች፤ የቀድሞው የአማርኛ ትርጉም «ወተት ጋትኋችሁ» ይላል። መጋት እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ። ሕፃኑ በጭን ላይ ነው፣ አፉን የምትከፍተው እናቲቱ ናት፣ መጠኑንም የምታውቀው እሷ ናት። ለአራስ ልጅ ይህ ፍቅር ነው። አምስት ዓመት ለሞላው ልጅ ግን ማጥፋት ነው። የዕብራውያን ጸሐፊም በዚሁ ምሳሌ ይናገራል። ጠንካራ ምግብ መልካሙንና ክፉውን ለመለየት በሥራ የለመደ ልቡና ላላቸው ነው ይላል (5፥14)። «በሥራ የለመደ» የምትለዋን አስምርባት። ብዙ የሰሙ አላለም። በነገራችን ላይ እዚያ «ፍጹማን» የተባሉት ኃጢአት የማይሠሩ አይደሉም። የግሪኩ ቃል ለአካለ መጠን የደረሰ፣ የበሰለ ሰው ማለትም ነው። ይህን ሳያውቁ «እኛማ ፍጹም አይደለንም» እያሉ ማደግን የተዉ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል።

እኔም በወጣትነቴ አንዲት አዲስ ጉባኤ ይዤ ነበር። የአዳራሹ ቁልፍ አንድ ነው፤ እሱም በኔ ኪስ ነው። አንድ እሑድ መንገድ ላይ ተያዝኩና አርባ ደቂቃ ዘገየሁ። ስደርስ ሰው ሁሉ በሩ ላይ ቆሟል። አንዱ ግድግዳ ተደግፏል፣ አንዷ የተኛ ልጇን ከትከሻ ወደ ትከሻ ታዘዋውራለች፣ ሁለት ወጣቶች ስልካቸው ላይ ተደፍተዋል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። እንዴት ይወዱኛል ብዬ ደስ አለኝ። ቁልፉን ስከት ነው ነገሩ የገባኝ። አርባ ደቂቃ ሙሉ አንድ ሰው እንኳ «እዚሁ እንጸልይ» አላለም። ደጅ ላይ ቆሞ መጸለይ እንደሚቻል ማንም አላስተማራቸውም። ማንም ማለት እኔ ነኝ።

በሳምንቱ ቁልፉን ለአንድ ዝምተኛ ሰው ሰጠሁት። የመጀመሪያው እሑድ ቤቱ ረሳው! ሮጦ እስኪመለስ ደጅ ቆምን። አንጀቴ እያረረ ዝም አልኩ። ቁልፉን መልሼ ልቀበለው ምንም አልቀረኝም። ያኔ አንዲት እናት፣ በጉባኤ ድምፃቸው ተሰምቶ የማያውቅ፣ «እስከዚያው ለታመመችው እህታችን እንጸልይ» አሉና ጀመሩ። ሰውየው ቁልፉን ይዞ ሲመጣ ጸሎቱን ማቋረጥ ከብዶት ዳር ቆሞ ጠበቀ።

ያንተ ቁልፎች ደግሞ እርቁ፣ መድረኩና ሹመቱ ናቸው። ከእርቁ እንጀምር።

ጌታ በማቴዎስ 18 ያዘዘው ግልጽ ነው። የተበደለው ራሱ ይሄዳል፣ ብቻውን። ካልሰማው አንድ ወይም ሁለት ሰው ይጨምራል። ጉባኤው የሚሰማው በመጨረሻ ነው። አንተ ጋ ግን ሦስተኛው መጀመሪያ ሆኗል። የሚቀጥለው ከሳሽ ሲመጣ «ለእሱ ነግረኸዋል?» በለው። «አይ፣ ለእርስዎ ላስቀድም ብዬ ነው» ይልሃል። «እንግዲያው እኔም አልሰማሁም። ሂድና ንገረው፤ ሐሙስ እንዴት እንደሆነ ትነግረኛለህ» በለው። ቅር ይለዋል። ይበለው። ጳውሎስ ኤዎድያንና ሲንጤኪን እርስ በርስ ሲጋጩ በደብዳቤ ስማቸውን ጠርቶ መከራቸው፤ ከዚያ እዚያው ፊልጵስዩስ ያለውን ባልንጀራውን እርዳቸው አለው (ፊልጵ. 4፥2-3)። እሱ እስር ቤት ነው፤ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ሊፈርድ አልሞከረም። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ጉልበት ያለው ደካማውን የጎዳበት ነገር፣ በተለይ ድብደባና በልጆች ላይ የሚደርስ ጥቃት፣ በዚህ ደንብ አይያዝም። የተጎዳውን «ብቻህን ሂድና አነጋግረው» ማለት ጭካኔ ነው። እዚያ ጋ አንተው ተነሥ፤ ሕግም ካስፈለገ ሕግ ይግባበት።

ስለ ሽማግሌዎቹ። ጢሞቴዎስ ኤፌሶን ሳለ የተጻፈለት ደብዳቤ አዲስ ክርስቲያን አይሾም ይላል፤ በትዕቢት እንዳይነፋ (1ኛ ጢሞ. 3፥6)። ለቲቶ በተጻፈው ዝርዝር ግን ይህች ነጥብ የለችም። የቀረው በአብዛኛው እንደዚያው ነው፤ የማይነቀፍ፣ የማይቆጣ፣ ነውረኛ ረብ የማይወድ። ለምን ቀረች? ቲቶ የተተወባቸው የቀርጤስ ደሴት ጉባኤዎች አዲስ ስለነበሩ ይመስለኛል። ሁሉም አዲስ ክርስቲያን ከሆነ ሌላ ከየት ይመጣል? ጳውሎስና በርናባስም ገና ጨቅላ በሆኑት በልስጥራ፣ በኢቆንዮንና በአንጾኪያ ሽማግሌዎችን ሾመዋል፤ ጾመው፣ ጸልየው፣ ለጌታ አደራ ሰጥተው ሄዱ (ሐዋ. 14፥23)። ልስጥራ ጳውሎስን በድንጋይ ወግረው ሞተ ብለው ጎትተው የጣሉባት ከተማ ናት። ተመልሶ ወደዚያው ነው የሄደው።

ስለዚህ አዲስ መሆናቸው ብቻ አይከለክልህም። ግን አትቸኩልም፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። ማዕረጉን አቆየውና ሥራውን ዛሬ ስጥ። የታመመ የሚጠይቅ ማን ነው? ለአዲስ ሰው ወንበር የሚያመጣው ማን ነው? ሳይነገረው ተነሥቶ የሚሄደውን ልብ በል። ማን ደህና ይናገራል የሚለውን ለጊዜው ተወው። ንግግር ቶሎ ይለመዳል፤ ጠባይ ግን ጊዜ ይወስዳል። ቤቱ ያለውንም እይ፤ ሚስቱና ልጆቹ አጠገቡ ሲቀመጡ ይፈራሉ ወይስ ይስቃሉ? ለዲያቆናት የተባለው «አስቀድመው ይፈተኑ» ለሁሉም ይጠቅማል። ገንዘቡን ደግሞ ከዚህ ወር ጀምሮ አንተ አትያዘው። ሁለት ሰው አብረው ይቁጠሩት፣ ሦስተኛ ይመዝግበው። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ሲልክ ማንም እንዳይነቅፈን ብሎ ሰዎች ጨምሮ ነው (2ኛ ቆሮ. 8፥20)። እሱ ከተጠነቀቀ እኛማ!

ወደ ነቢዩ የሚሮጡት ነገር ከሁሉም ያሳስበኛል። «አትሂዱ» ብትላቸው ተደብቀው ይሄዳሉ። መጀመሪያ ለምን እንደሚሄዱ ጠይቅ። አንዲት እህት በአንድ ወቅት እንዲህ አለችኝ፦ «እዚያ ስሜን ጠርቶ ችግሬን ነገረኝ። እዚህ ሁለት ዓመት ስቀመጥ ስሜን የጠራ የለም።» መልስ አልነበረኝም። የታመመ፣ ሥራ ያጣ፣ ልጅ የለመነ ሰው የሚያየው ሰው ይፈልጋል። ግማሹ መድኃኒት ቤታቸው ሄዶ መጠየቅ ነው፤ እሱም ቢሆን ያንተ ብቻ ሥራ መሆን የለበትም።

ሌላው ግማሽ መመዘንን ማስለመድ ነው። ለተሰሎንቄዎች የተጻፈው ሁለቱንም ይይዛል፤ ትንቢትን አትናቁ፣ ሁሉን ፈትኑ፣ መልካሙን ያዙ (1ኛ ተሰ. 5፥20-21)። ከዚያ ሲመለሱ አትቆጣ፤ አስቀምጥና ጠይቃቸው። ምን አለ? ስለ ክርስቶስ ምን ተናገረ? ገንዘብ ጠየቀ? ያለውን ሌሎች እንዲመዝኑ ይፈቅዳል? ነቢያት ሲናገሩ ሌሎች ይለዩ ተብሏል (1ኛ ቆሮ. 14፥29)፤ መመዘን የማይወድ ነቢይ ከዚህ ያፈነገጠ ነው። መጠየቁ ግን ካንተ ይጀምር። የቤርያ ሰዎች የተመሰገኑት የጳውሎስን ቃል ራሱ እንዲህ ይሆንን ብለው ዕለት ዕለት መጻሕፍትን ስለ መረመሩ ነው (ሐዋ. 17፥11)። ስብከትህን ከጨረስክ በኋላ አሥር ደቂቃ ተው፤ «ይህን ከየት አመጣኸው?» ይበሉህ። አንድ ቀን «መምህር፣ እዚህ ጋ ጥቅሱ እንዲህ አይልም» የሚልህ ይነሣል። ያን ቀን ፊትህን እንዳታጠቁር።

ምን ላስተምር ላልከው ብዙ አልልህም። አንዱን ወንጌል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቡ። ከዚያ አንዲት አጭር መልእክት፣ ለምሳሌ ፊልጵስዩስን። ርዕስ እየመረጥክ ብቻ ከምታስተምር መጽሐፉ ራሱ ይምራችሁ፤ አንተ የማትወዳቸው ርዕሶችም ይነካሉ። ስትቀር ጉባኤው ይቀዘቅዛል ያልከው እንዳያስፈራህ። በወር አንድ እሑድ ሆን ብለህ ሌላ ሰው እንዲመራ አድርግና አንተ ከኋላ ተቀመጥ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ጊዜያት ይቀዘቅዛል። ይንተባተባሉ፣ ጥቅስ ይጠፋባቸዋል። ከኋላ ሆነህ አታስታውሳቸው።

ራእይንም አስተምር፣ ለምን ትከለክላለህ? የሚፈልጉት ምዕራፍ 13ን፣ አውሬውንና ቁጥሩን እንደሆነ ይገባኛል። አንተ ግን ከ2 እና 3 ጀምር። ሰባት ጉባኤዎች ናቸው፣ ሁሉም እንደናንተው ሥጋ ለባሾች። ኤፌሶን ጳውሎስ ሦስት ዓመት የለፋባት ናት። እዚያ ላይ ሐሰተኞችን መርምራ አግኝታለች፣ የፊተኛውን ፍቅሯን ግን ትታለች። ነቀፋ ያልተጻፈባቸው ሰምርኔስና ፊልድልፍያ ብቻ ናቸው። አንዷ ድሃ ናት፣ የሌላዋ ኃይል ትንሽ ነው። ደብዳቤዎቹ አጫጭር ስለሆኑ ስድስቱን ለስድስት ሰው አከፋፍል፤ እያንዳንዱ አንድ እሑድ ያቅርብ። ሰባተኛዋን፣ ለብ ብላለች ተብላ የተወቀሰችውን ሎዶቅያን፣ አንተው ውሰዳት። በፈቃዱ የሚመርጣት አታገኝም።