ከራሱ ዕድሜ የሚበልጥ ጌም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ 17 ዓመቱ ነው። የሚጫወተው ካውንተር ስትራይክ ግን እሱ ሳይወለድ የወጣ ጌም ነው። አዲስ ጌም በመጣ ቁጥር ያወርዳል፣ ሦስት ቀን ያብድለታል፣ በአራተኛው ቀን ወደዚያው ይመለሳል። ያው ማፕ፣ ያው በር፣ ያው ጩኸት። ታሪክ የለው፣ መጨረሻ የለው። ሱስ ነው ብዬ ልቆጣው ነበር፤ እንደ እሱ ያለ ሰው በየአገሩ ሞልቶ ሳይ ግን ቆም አልኩ። ጓደኞቼ "ስኪን (የጠመንጃ ጌጥ) ለመሰብሰብ ነው" ይሉኛል። እውነት አንዳንዱ ጌም ሃያ ዓመት የሚቆየው፣ ሌላው በሳምንቱ የሚረሳው ለምንድን ነው? — ግራ የገባት እህት

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ "ያው በር" ያልሽው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ያን በር አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ስለ እሱ ልንገርሽ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ካውንተር ስትራይክ አምስት አጥቂዎች ኤ ወይም ቢ በሚባል ቦታ ቦምብ ለማፈንዳት፣ አምስት ተከላካዮች ደግሞ ይህን ለመከልከል የሚታኮሱበት ጌም ነው። በሩ ያለበት ማፕ፣ ማለትም የውጊያው ሜዳ፣ ደስት ቱ ይባላል። በ2001 የሠራው ዴቭ ጆንስተን የሚባል ሰው ነው። መሃሉ ላይ ሁለት ክንፍ ያለው ትልቅ በር አለ። አይከፈትም፣ አይዘጋም። በክንፎቹ መካከል ጠባብ ክፍተት አለ። ዙሩ እንደተጀመረ የአጥቂዎቹ አልሞ ተኳሽ ከመነሻው ብዙም ሳይርቅ መነጽሩን እዚያ ክፍተት ላይ ይተክላል። ከተከላካዮቹ መካከል ወደ ቢ የሚሄደው ሰው ደግሞ ከበሩ ጀርባ ማለፍ አለበት። በክፍተቱ የሚታየው ለዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። ተኳሹ የሚተኩሰው አንዴ ነው። ካገኘው አገኘው፣ ከሳተው አመለጠው።

ያ የሚያልፈው ሰው ምን ያስባል መሰለሽ? "ባለፈው ዙር ሮጬ አለፍኩ። አሁን እዚያው ይጠብቀኛል። ልዝለል? ትንሽ ልዘግይ? ጭስ ልወርውር?" ተኳሹም ይህንኑ እያሰበ ነው። ሁለቱም ሺህ ጊዜ አድርገውታል፤ በሺህ አንደኛውም ልባቸው ይመታል። በሩ ያው ነው። ዛሬ ከጀርባው የሚያልፈው ሰው ግን ሌላ ነው። ታሪክ የለውም ያልሽው ጌም በየዙሩ ታሪኩን የሚያወጡለት አሥር ሰዎች አሉት።

በ2021 የጌሙ ባለቤት ቫልቭ ከአጥቂዎቹ መነሻ ቦታ ወደዚያ በር የሚያሳየውን እይታ ጋረደው። ብዙ ክርክር ተነሳ። ለማይጫወት ሰው የተጋረደው አንዲት ቀጭን ክፍተት ናት። ለተጫዋቹ ግን ሃያ ዓመት ሲማረው የኖረ ነገር ነው የተነካበት። የጥያቄሽ መልስ ያለው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ትናንት የተማርሽው ነገር ዛሬም የሚሠራልሽ ጌም ይቆያል። ለፍተሽ ያገኘሽውን ችሎታ በየወሩ የሚሽርብሽ ጌም አይቆይም።

ከራሴ ልንገርሽ። ሥራ በዛና ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ካውንተር ስትራይክን አልነካሁትም። አንድ ማታ የድሮ ጓደኛዬ ደወለና "አንድ ማች ብቻ" አለኝ። ገባሁ። ገና ኪቦርዱን ሳላየው ጣቴ ቢ የምትለዋን ቁልፍ ነካ፤ የመሣሪያ መግዣው ተከፈተ። ክላሹን ገዛሁ። ያ ጠመንጃ ጥይቱን ሲያከታትሉት መጀመሪያ ወደ ላይ ይነሳል፣ ከዚያ ወደ ጎንና ጎን ይወዛወዛል። እኔ ይህን ረስቼዋለሁ ብዬ ነበር። እጄ ግን አልረሳውም፤ ማውሱን ራሱ ወደ ታች ሳበው። ማቹን ተሸነፍን። ግን እያንዳንዷ ሞቴ ለምን እንደሆነች ገብታኛለች፤ እዚህ ጋ ቀድሜ ወጣሁ፣ እዚያ ጋ ዞር ብዬ አላየሁም። ሰው የተሸነፈበት ምክንያት ሲገባው "ድገመኝ" ይላል። ካልገባው ይዘጋውና ይተኛል።

ይህ ጌም ሲጀመር የትልቅ ኩባንያ ሥራ እንኳ አልነበረም። ሚን ሌ እና ጄስ ክሊፍ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች በ1999 ሀፍ ላይፍ በሚባል ጌም ላይ የቀጠሉት ሞድ (በሌላ ጌም ላይ የሚሠራ ማሻሻያ) ነበር። ቫልቭ ወደ ራሱ አመጣቸውና በ2000 ለገበያ አወጣው። በ2003 1.6 የሚባለው መጣ። በ2004 ደግሞ ሶርስ፣ ምስሉ እጅግ ያማረ ሆኖ ወጣ። ሁሉም ሰው ወደ አዲሱ ይሄዳል ተብሎ ይጠበቅ ይሆናል። ብዙዎቹ የውድድር ተጫዋቾች ግን ለዓመታት 1.6 ላይ ቀሩ። የጠመንጃው አተኳኮስ፣ የሰውየው አሯሯጥ ትንሽ ተለይቶባቸው ነበር። ትንሽ ናት፤ ግን እጅ ታውቃታለች።

ሱፐር ስማሽ ብሮስ ሚሊ የሚባለው የፍልሚያ ጌም ከዚህም ይገርመኛል። የ2001 ጌም ነው። ኦንላይን መጫወቻ ጭራሽ አልነበረውም። ተጫዋቾቹ በአየር ላይ ሳሉ ወደ መሬት በሰያፍ በመሸሽ እንደ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበትን ዘዴ አገኙ፤ ዌቭዳሽ አሉት። ቀጣዩ የ2008 ጌም ያን ዘዴ አጠፋው። ሰዎቹ ታዲያ አሮጌውን ይዘው ቀሩ። ዘመናዊው ስክሪን ያዘገይብናል ብለው ያን ጀርባው የወጣ ከባድ ቴሌቪዥን ተሸክመው ውድድር ይሄዱ ነበር። በ2020 ወዳጆቹ ራሳቸው ስሊፒ የሚባል ፕሮግራም ይዘው መጡና ያ ኦንላይን ያልነበረው ጌም ኦንላይን እንደ ልብ የሚጫወቱት ሆነ። አሠራሩ ደስ ይላል። የባላጋራሽ ቁልፍ በኢንተርኔት እስኪደርስ አይጠብቅም፤ ምን እንደሚነካ ገምቶ ይቀጥላል። ግምቱ ከተሳሳተ ጥቂት ፍሬሞች (የምስል ቅጽበቶች) ወደ ኋላ ተመልሶ ያርመዋል። ዓይን እምብዛም አይደርስበትም። የሠሩትን ሰዎች ባገኛቸው እጃቸውን ጨብጬ አመሰግናቸዋለሁ።

ሦስት የተለያዩ ዘሮች ጦር የሚያዋጉበት ስታርክራፍትም እንደዚያው ነው። በ1998 ወጣ። ሠሪው ብሊዛርድ የሦስቱን ዘሮች ኃይል ለማመጣጠን ለመጨረሻ ጊዜ የነካካው በ2001 ነው። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ በቴሌቪዥን እየተላለፈ ለዓመታት ሲቀጥል ሚዛኑን የሚያስተካክሉት ማፕ ሠሪዎቹ ነበሩ። አንዱ ዘር ሲበረታ መተላለፊያውን ያጠቡታል ወይም ማዕድኑን ያርቁታል። ሕጉ ሳይነካ ሜዳው ብቻ ይቀየራል።

ስለ ስኪኑ ጓደኞችሽ ያሉሽ አያሳምነኝም። ካውንተር ስትራይክ ላይ ስኪን የመጣው በ2013 ነው። ያኔ ጌሙ ከአሥር ዓመት በላይ ተወዶ ቆይቷል። ስኪን ገንዘብ ያመጣል፣ አሳዳሪው ኩባንያ ጌሙን እንዳይተወው ያደርጋል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ጠመንጃው ስላማረ ብቻ ማንም ሰው አንድ ማፕ ላይ ሃያ ዓመት አይኖርም። ኮንኮርድ የሚባለው ጌም ለዓመታት ተለፍቶበት በነሐሴ 2024 ወጣ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰርቨሩ (ተጫዋቾቹን የሚያገናኘው ኮምፒውተር) ተዘጋ፣ ለገዛውም ሰው ገንዘቡ ተመለሰ። ምስሉ አስቀያሚ አልነበረም። አዲስ ጌም ሲመጣ ግን ሰውን ከባድ ነገር ይጠይቀዋል፤ እጅህ የሚያውቀውን ተው፣ ጓደኞችህንም አሳምነህ ይዘህ ና ይለዋል። ወንድምሽ ሦስት ቀን ሞክሮ የሚመለሰው ለዚህ ነው። አራቱ ጓደኞቹ ያሉት እዚያ ነው።

ሱስ ነው ወይ ላልሽው፣ እንቅልፉንና ትምህርቱን ከነካበት ጉዳዩ የሰዓት ነውና በሰዓቱ ላይ ተነጋገሩ። ግን ማች መሃል ላይ "አሁኑኑ ዝጋ!" አትበይው። በአሁኑ ሕግ ማቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው አንዱ ቲም ቀድሞ 13 ዙር ሲያሸንፍ ነው፤ መሃል ላይ ጥሎ የወጣ ይቀጣል፣ ጓደኞቹም አራት ለአምስት ይቀራሉ። "ከዚህ ማች በኋላ ሌላ አትጀምር" በይው፤ ይሰማሻል። አንድ ማታ ደግሞ አጠገቡ ቁጭ በይና ጭስ ሲወረውር አሳየኝ በይው። አንድ ጥግ ላይ ተጠግቶ ይቆማል፣ የጣራ ጫፍ ላይ ያነጣጥራል፣ ይወረውራል። ጭሱ ራሱ ከማያየው ግድግዳ ጀርባ፣ ልክ በሚፈልገው ቦታ ላይ ይወድቃል። ያን ለመልመድ ስንት ማታ ብቻውን እንደለፋ ጠይቂው።

ጥያቄ፦ የምወደው ጌም ሰው እያለቀበት ነው። ድሮ ማች በአንድ ደቂቃ ይገኝ ነበር፤ አሁን ሩብ ሰዓት እጠብቃለሁ። ኩባንያውም ዝም ብሏል። ልተወው ወይስ ልቆይ? — የመጨረሻው ተጫዋች

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህ ያማል፤ አውቀዋለሁ። እኔም የምወደው ጌም ሰርቨር በአንድ ማስታወቂያ ተዘግቶብኝ ያውቃል። በመጨረሻዋ ማታ ሜዳው ላይ ማንም አልተኮሰም። ሁላችንም አንድ ኮረብታ ላይ ቆመን ሰዓቱን ጠበቅን።

አንድ ነገር አጣራ፤ ሰርቨሩን ተጫዋች ራሱ ማስነሳት ይችላል ወይ? ይህ ከሰው ቁጥር ይበልጣል። ኩዌክ የ1996 ጌም ነው። ኮዱ በ1999 ለሕዝብ ስለተለቀቀ እስከ ዛሬ የሚጫወተው አለ፤ ማንም ሊዘጋው አይችልም። ጌምስፓይ የሚባለው አገልግሎት በ2014 ሲዘጋ ግን በእሱ በኩል ይገናኙ የነበሩ ብዙ ጌሞች ተጫዋቾች መገናኛ አጡ። አንዳንዶቹን ወዳጆቻቸው የራሳቸውን መገናኛ ሠርተው አዳኗቸው። ሲቲ ኦፍ ሂሮስ የሚባለው ጌም በ2012 ተዘግቶ ነበር። ከ2019 ጀምሮ አፍቃሪዎቹ በራሳቸው ሰርቨር አስነሱት። በጥር 2024 ባለመብቱ ኩባንያ ራሱ ሆምካሚንግ ለሚባለው የአፍቃሪዎች ሰርቨር ፈቃድ ሰጠ። አሥራ አንድ ዓመት ጠብቀው አገኙት!

አሁን ላንተ የምመክርህ ይህን ነው። ትንሽ ጌም አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው ሰው አንሶት ሳይሆን ሰው ተበትኖበት ነው። አርባ ሰው በአርባ ሰዓት ቢገባ ሁሉም ባዶ ሎቢ (መጠበቂያ ክፍል) ያያል፣ ሁሉም "ሞቷል" ብሎ ይወጣል። አሥራ ሁለት ሰው በአንድ ሰዓት ቢገባ ግን ሰርቨሩ ይሞላል። ስለዚህ ቀን ቁረጥ። ለምሳሌ ሐሙስ ማታ ይሁን። ያገኘኸውን ተጫዋች ሁሉ በስሙ ጥራው። መጀመሪያ አራት ሆናችሁ ብትቀሩም ሐሙሱን አትዝለለው። ሰው የሚመለሰው ባዶ እንደማይሆን ሲያምን ነው። አዲስ ሰው ሲገባ ደግሞ አትጨፍጭፉት። እባክህ ይህን ለነባሮቹም ንገርልኝ። የስንት ጌም ሰርቨር ባዶ የቀረው ነባሮቹ አዲሱን ሰው በመጀመሪያ ማታው አባርረውት ነው።

ጥያቄ፦ 41 ዓመቴ ነው። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ቱን ከሰው ጋር በኦንላይን መጀመር አምሮኛል። ሃያ ዓመት ከተጫወቱት ጋር ገብቼ መቀጥቀጥ ብቻ እንዳይሆን ፈራሁ። — ዘግይቼ የመጣሁ

መልስ፦ ይግቡ። አይፍሩ። ከተማ እየገነቡ ጦር የሚያዘምቱበት ይህ ጌም የ1999 ነው፤ በ2019 ታድሶ ከወጣ ወዲህ አዲስ ገቢ አላጣም።

መጀመሪያ ይሸነፋሉ፤ ይህን ልደብቅዎ አልፈልግም። አርፓድ ኤሎ የሚባሉ የፊዚክስ መምህር ለቼዝ ያወጡት የነጥብ አሰጣጥ ነው በብዙ ጌሞች ውስጥ መልኩን እየቀያየረ የሚሠራው። እዚህ ጌም ላይ አዲስ ሰው በ1000 ነጥብ ይጀምራል። ለጀማሪ ያ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ማቾች ከአቅምዎ በላይ ከሆነ ሰው ጋር ናቸው። ሲሸነፉ ነጥቡ ይወርዳል፣ ቦታዎን ያገኛል። ከዚያ በኋላ ከሁለት ማች አንዱን ገደማ ማሸነፍ ይጀምራሉ። እነዚያን አሥር የሚሆኑ ማቾች እንደ መግቢያ ፈተና ይቁጠሯቸው።

እስከዚያው ስለ ጦርነቱ ብዙ አያስቡ። ሲጀመር አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሠራተኛና አንድ ፈረሰኛ ቃኚ ይሰጥዎታል። አንድ ሠራተኛ 50 ምግብ ይፈጃል፣ በ25 ሰከንድ ይወጣል። ለመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ሥራዎ አንድ ነው፤ ሠራተኛ የሚያወጣው የከተማው ማዕከል አንድም ጊዜ ሥራ ፈትቶ እንዳይቆም። ቤት አስቀድመው ይሥሩ፤ አንዱ ቤት የሚይዘው በአብዛኛው አምስት ሰው ብቻ ስለሆነ ቦታ ካለቀ ሠራተኛ መውጣቱ ይቆማል። ከተሸነፉም በኋላ ጌሙ የማቹን ቅጂ ያስቀምጥልዎታል። ይክፈቱትና የአሸናፊውን የመጀመሪያ አሥር ደቂቃ ብቻ ይዩ። ሠራተኞቹን ስንት ስንቱን በግ ላይ፣ ስንቱን እንጨት ላይ እንዳስቀመጠ ይቁጠሩና በቀጣዩ ማች ያንኑ ይሞክሩት።