ጨለም ባለ ቤት ሙዚቃ ለማንሳት የትኛው ሌንስ? ጥያቄና መልስ

አዝማሪ ቤት፣ ትንሽ የጃዝ ክለብ፣ የሆቴል ምድር ቤት ውስጥ ያለች ጠባብ መድረክ። ብርሃኑ ትንሽ፣ ሰዉ ብዙ፣ ዘፋኙ አንድ ቦታ አይቆም። እንዲህ ያለ ቦታ ስለማንሳት ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የመጡትን እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። ዋጋ ግን አልጽፍም። ዛሬ የጻፍኩት ነገ ይለወጣል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ካነን 700ዲ አለኝ። ሌንሱ አብሮት የመጣው 18-55 ነው። ማታ ባንድ ሳነሳ ሁሉም ብዥ ይላል። ካሜራውን ሸጬ አዲስ ልግዛ?

መልስ፦ ካሜራህን አትንካው። ችግሩ ሌንሱ ላይ ነው። ያ ሌንስ 55 ሚሊሜትር ላይ፣ ማለትም ዙሙ መጨረሻ ላይ ስታደርሰው ቀዳዳው ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። ኤፍ 1.8 የሆነ ሌንስ ደግሞ ከዚያ አሥር እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። 1/15 ሰከንድ ላይ ሲጎተት የነበረው ካሜራህ በዚያው አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1/125 ላይ ይሠራል ማለት ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ከ2.8 ወደ 2፣ ከ2 ወደ 1.4 ስትወርድ በየደረጃው ብርሃኑ እጥፍ ይሆናል።

«ግን እኮ ሌንሴ አይኤስ አለው» እንዳትለኝ። አይኤስ የሚያረጋጋው የአንተን እጅ ነው። ዘፋኟ ስትዞር እሱ ምንም አያደርግም። ቆሞ ለሚዘፍን ሰው 1/125 ይበቃል። ለድራመር 1/250፣ ለእስክስታ 1/500 ብታገኝ ጥሩ ነው፤ ትከሻ ቀልድ አያውቅም። መሰንቆ መቺን ግን እኔ ሆን ብዬ 1/60 ላይ አነሳለሁ። ፊቱ ጥርት ብሎ ደጋኑ ትንሽ ሲበተን ፎቶው ድምፅ ያለው ይመስላል።

አይኤስኦ 3200ንም አትፍራ። ኖይዝ (እንደ አሸዋ ያለ ነጠብጣብ) ያለው ፎቶ ፎቶ ነው። ብዥ ያለው ግን አይመለስም።

ጥያቄ፦ 35፣ 50 ወይስ 85? አንዱን ብቻ ነው የምችለው። ካሜራዬ ኒኮን ዲ5300 ነው።

መልስ፦ መጀመሪያ የምትቆሚበትን ቦታ ንገሪኝ። የብዙ ሰው ስህተት ሌንሱን ገዝቶ ከዚያ የሚቆምበት ቦታ መፈለጉ ነው። በትንሽ ቤት ውስጥ ቦታ አትመርጪም፤ ከኋላሽ ግድግዳ ወይም የሰው ጠረጴዛ አለ።

የአንቺ ካሜራ ሴንሰሩ (ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) ክሮፕ ነው፤ ከሙሉው፣ ከፉል ፍሬም፣ ያነሰ ማለት ነው። ስለዚህ ሌንሱን በ1.5 አብዢው። 50 እንደ 75፣ 35 ደግሞ እንደ 52 አካባቢ ይሆናል። ካነን ክሮፕ ያላችሁ በ1.6 አብዙት።

አሁን አዝማሪ ቤት እንግባ። አዝማሪው መድረክ ላይ ቆሞ አይጠብቅሽም። መሰንቆውን ይዞ ወንበርሽ አጠገብ ይመጣል፣ ስምሽን ይጠይቃል፣ ግጥም ያወርድልሻል፤ አጠገብሽ ያለው ሰውዬ «ተቀበል!» እያለ ግጥም ይሰጠዋል። በዚህ ርቀት 50 ፊቱን ብቻ ይይዛል። መሰንቆው ተቆርጦ ይቀራል፣ የሚስቀው ሰውዬም የለም። የቤቱ ጨዋታ ያለው ደግሞ እነዚያ ሁሉ አንድ ላይ ሲገቡ ነው። ለእንዲህ ያለ ቤት 35 ያለ ጥርጥር። የኒኮን 35 ኤፍ 1.8 ዲኤክስ ትንሽና ቀላል ነው፤ ካሜራሽም ላይ በራሱ ፎከስ ያደርጋል።

መድረክ ያለው ክለብ ከሆነና አራት አምስት ሜትር ርቀሽ የምትቀመጪ ከሆነ 50 ይሻላል። ሳክስፎን ነፊውን ከወገቡ በላይ ይሰጥሻል። 85 በክሮፕ ላይ ወደ 128 ስለሚሄድ በጣም ይጠጋል። ምርጥ የፊት ፎቶ ይሰጣል፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ ፊት ብቻ ይዘሽ ትመለሻለሽ። ሁለተኛ ሌንስ ሲሆን ጥሩ ነው። የመጀመሪያ አይሁን።

ጥያቄ፦ 70-200 ኤፍ 2.8 የሚያከራይ ጓደኛ አለኝ። ልውሰደው?

መልስ፦ ሚሊኒየም አዳራሽ ኮንሰርት ካለህ ውሰደው። ለትንሽ ቤት ግን ተወው። ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝን ነጭ ቱቦ በሰው ጭንቅላት ላይ ስታዞር ቤቱ ሙዚቃውን ትቶ አንተን ያያል።

ጥያቄ፦ ሲግማ 18-35 ኤፍ 1.8 ስለሚባለው ምን ትላለህ? ሌንስ መቀያየር ሰልችቶኛል።

መልስ፦ በ2013 ሲወጣ ለክሮፕ ካሜራ ከዳር እስከ ዳር 1.8 የሆነ የመጀመሪያው ዙም ነበር። እስካሁንም ጥራቱ አያሳፍርም። ሠርግ የሚቀርጹ ልጆች የሚወዱት ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለት ነገር ግን እወቅ። ክብደቱ 800 ግራም ይደርሳል። ፎከሱም አንዳንድ የቆዩ ካሜራዎች ላይ ትንሽ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይስታል። ከመግዛትህ በፊት የራስህ ካሜራ ላይ ገጥመህ 1.8 ላይ ሞክረው። የሻጩ ካሜራ ላይ ጥሩ መሆኑ ለአንተ ምንም ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ለዲ3500 ካሜራዬ ያገለገለ ኒኮን 50 ኤፍ 1.8ዲ ገዛሁ። ፎከስ አያደርግም። ተበላሽቶ ነው የተሸጠልኝ?

መልስ፦ አልተበላሸም። መጨረሻው ላይ «ዲ» ያለበት፣ ስሙ ላይ ግን «ኤኤፍ-ኤስ» የሌለው ሌንስ የራሱ ሞተር የለውም። ሞተሩን ከካሜራው ይፈልጋል፣ የአንተ ካሜራ ደግሞ የለውም። ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ በሙሉ እንደዚያ ናቸው። ዲ90፣ ዲ7000፣ ዲ7200 ቢሆን ይሠራ ነበር። ከቻልክ በ«ጂ» ቀይረው። ካልቻልክ የሌንሱን የቀዳዳ ቀለበት 22 ላይ ቆልፈህ በእጅህ ፎከስ አድርግ፤ በመስኮቱ ስታይ ታች በኩል የምትበራው አረንጓዴ ነጥብ ትረዳሃለች።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ የአባቴ ዜኒት ካሜራ አለ። ሌንሱ ሄሊዮስ 44 ይላል። ለካነን ይሆናል ወይ?

መልስ፦ ይሆናል! እንዳትሸጠው። 58 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 2 ነው። ኤም 42 ለካነን የሚል ማገናኛ ቀለበት ትገዛለህ፤ ርካሽ ነው። ፎከሱ ሙሉ በሙሉ በእጅ ስለሆነ ለሚጨፍር ሰው አይመችም። ተቀምጦ ክራር ለሚጫወት ግን ደስ ይላል። ከኋላ ያሉ መብራቶች ክብ ክብ እየሆኑ ይዞራሉ፤ ሰዎች ለዚያ ብለው ከውጭ ያስመጡታል። ኒኮን ከሆነ ግን ተራ ቀለበት ሩቅ ያለውን አያጠራም። ቅርብ ላለ መድረክ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ 1.8 ላይ ሳነሳ ማይኩ ይጠራል፣ ዓይኗ ብዥ ይላል።

መልስ፦ ሁለት ሜትር ላይ፣ በ85 ሚሊ ኤፍ 1.8፣ በፉል ፍሬም ካሜራ፣ ከፊት ወደ ኋላ የሚጠራው ጥልቀት ስድስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ካሜራው ደግሞ የቀረበውንና የሚያንጸባርቀውን ይወዳል፤ ማይክ ሁለቱም ነው። አንድ የፎከስ ነጥብ ብቻ ምረጥና የቀረበው ዓይን ላይ አድርግ። ፊት ለፊት አትቁም፣ ወደ ጎን ፈቀቅ በል፤ ማይኩ አፏን አይሸፍንም። ከቻልክ 2.2 ላይ ዝጋው። ዘፋኝ በስንኞች መካከል ከማይክ ራቅ ትላለች። ያንን ጠብቅ።

ጥያቄ፦ ክለቡ ቀይና ሰማያዊ ኤልኢዲ ብቻ ነው የሚያበራው። ፊቱ ሁሉ ቀይ ቀለም የተደፋበት ይመስላል። ሌንስ ይፈታዋል?

መልስ፦ አይፈታውም። ከካሜራህ ሴንሰር ነጥቦች ቀይ የሚያዩት ሩቡ ብቻ ናቸው። መብራቱ ንጹሕ ቀይ ሲሆን የሚሠራው ያ ሩብ ነው፤ እሱም ቶሎ ሞልቶ ይፈሳል፣ የፊት ቅርጽ ይጠፋል። ካሜራው ግን አማካዩን ስለሚያይ «ደህና ነው» ይልሃል። ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን መጠን የሚያሳየውን ግራፍ) በሦስት ቀለም ክፈተውና ቀዩን ብቻ ተመልከት፤ እስኪገባ ድረስ አጨልም። በሮው (ካሜራው ባልነካካው ፋይል) አንሳ። ካልሆነ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይረው፣ ብዙ ጊዜ ያምርበታል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን መብራት የያዘውን ልጅ ተዋውቀህ አንድ ሞቅ ያለ ነጭ መብራት ከፊት እንዲያበራ መለመን ነው። ከብዙ ሌንስ የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት። እዚህ የሐበሻ ሬስቶራንት ውስጥ ባንድ ሳነሳ ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር መስመር ይወጣል። አዲስ አበባ እያለሁ እንደዚህ አልነበረም።

መልስ፦ ካሜራሽ ድምፅ አልባ ሹተር ላይ ከሆነ መጀመሪያ ያንን አጥፊው። ሴንሰሩ ከላይ ወደ ታች በዝግታ ስለሚነበብ የመብራቱ ብልጭ ድርግም መስመር ሆኖ ይወጣል። ቀጥሎ የሹተሩ ፍጥነት። እኛ ጋ ኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ ስለሆነ 1/50 ወይም 1/100 ይሄዳል። አሜሪካ 60 ነው፤ 1/60 ወይም 1/125 ሞክሪ። የመድረክ ኤልኢዲ ግን የራሱ ፍጥነት ስላለው ሹተሩን እያዘገየሽ መስመሩ እስኪጠፋ መፈለግ ነው።

ጥያቄ፦ ፍላሽ?

መልስ፦ አይሆንም።

ጥያቄ፦ በስልክ ማንሳትስ?

መልስ፦ ዋናውን ካሜራ ተጠቀም። በዙሙ አትጎትት፤ በአብዛኛው ስልክ ላይ የዙሙ ሌንስ ጠባብ፣ ሴንሰሩም ትንሽ ነው። በእግርህ ተጠጋ።

ጥያቄ፦ ከዱባይ ያገለገለ ሌንስ የሚያመጣልኝ ሰው አለ። ምን እንዲያይ ልንገረው?

መልስ፦ የስልኩን መብራት ከኋላ በኩል በሌንሱ ውስጥ ያብራ። እንደ ሸረሪት ድር ወይም እንደ ጭጋግ ያለ ነገር ካየ ፈንገስ ነው፤ ይተወው። ጥቂት አቧራ ግን ምንም አይልም። የቀዳዳው ምላጮች ላይ ዘይት እንዳይኖር ይይ። ከዚያ ካሜራ ላይ ገጥሞ በሰፊው ቀዳዳ ቅርብ ያለ ጽሑፍ ያንሳና ፎቶውን እዚያው እያለ ይላክልህ። ሻጩ ካሜራ ላይ መግጠም ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ ይሂድ። የምትፈልገው ሌንስ ለየትኛው ካሜራ እንደሆነም ጽፈህ ስጠው፤ የሶኒ ሌንስ ለካነን ካሜራ ይዞ የመጣ መልእክተኛ ብዙ ነው።