መልስ፦ ቅጠል ያለበት የጣልያን ቀይ ወይን ኮሸር ነው ማለት ነው?

አይደለም እህቴ፣ ያየሻት አረንጓዴ ቅጠል የአውሮፓ የኦርጋኒክ ምልክት ናት፣ ስለ ኮሸር (በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ ስለመሆኑ) ምንም አትነግርሽም። ጠርሙሱን አዙሪና ከኋላ የረቢዎቹን ማህተም ፈልጊ፣ ለሰደር (ለፔሳህ፣ ለአይሁድ ፋሲካ፣ የማታ ማዕድ) ስለሆነ ደግሞ "ለፔሳህ ኮሸር" የሚል ይኑረው።

አይሁድ ያልሆኑ እንግዶች ይመጣሉ ስላልሽው፣ "ሜቩሻል" የሚል ከተጻፈበት በሙቀት ያለፈ ነው፣ ማንም ቢቀዳው ኮሸርነቱ አይበላሽም። ካልተጻፈበት አንቺው ክፈቺው አንቺው ቅጂ።

ሞንቴፑልቻኖ ዳብሩትሶ የሚባለውን ወይን መምረጥሽ ግን በጣም ጥሩ ነው፣ አብሩትሶ የጣልያን ክልል ነው፣ እነ ግራን ሳሶና ማየላ የሚባሉት ተራሮች ያሉበት ነው፣ ቀን ፀሐይ ማታ ብርድ ስለሚያገኘው ወይኑ ጠቆር ያለ ቀይ ሆኖ አፍ ላይ ደስ የሚል ኮምጠጥ ያለ ነገር አለው፣ ለስጋ ወጥ ይስማማል። "ቪኖ ኖቢሌ ዲ ሞንቴፑልቻኖ" የሚለው ግን የሌላ ክልል፣ የቶስካና ነው ፍሬውም ሌላ ነው፣ ሳንጆቬዜ ይባላል፣ ስሙ እንዳያሳስትሽ።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ አንዳንድ አምራች ያንኑ ወይን ኮሸርም ኮሸር ያልሆነም አድርጎ ያወጣል፣ የፊት ወረቀቱ ቁርጥ አንድ ነው። እኔ አምና ከአንድ መደርደሪያ ሁለት ጠርሙስ አንስቼ ቤት ገብቼ ሳየው አንዱ ከኋላ ማህተም የለውም፣ ሰደሩ ሊጀመር ሁለት ሰአት ሲቀረው ሱቁም ተዘግቷል። ሁሉንም አንድ በአንድ አዙረሽ እዪ።