ከመንገድ ግንባታ በፊት የሚካሄድ የአርኪዮሎጂ ጥናት፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ በአንድ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ድርጅት ውስጥ በመሐንዲስነት እሠራለሁ። በቅርቡ በምንጀምረው ፕሮጀክት ላይ ከአፈር ቆረጣው በፊት የአርኪዮሎጂ ጥናት መጠናቀቅ እንዳለበት ተነግሮናል። መንገዱ የሚያልፍበት ቦታ ግን ፍርስራሽም ሆነ ሐውልት የማይታይበት የእርሻ መሬት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ምን ይጠናል? ሥራውንስ አያጓትተውም?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በገጸ ምድሩ ላይ የሚታይ ነገር አለመኖሩ ከሥሩ ምንም የለም ለማለት አያስችልም። የጥንት ሰዎች ከኖሩባቸው ስፍራዎች ብዙዎቹ የድንጋይ ግንብ አልነበራቸውም። ቤቱ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ከነበረ ዛሬ የሚቀረው ምሰሶው የቆመበት ጉድጓድ፣ የምድጃ እሳት ያቀላው አፈር፣ እንዲሁም ተሰብሮ የተጣለ ገልና ባልጩት ነው። ይህ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ማረሻ ከሚደርስበት ጥልቀት ጥቂት ዝቅ ብሎ ስለሆነ፣ ዶዘር የላይኛውን አፈር በገፈፈበት ዕለት ማንም ሳያየው ሊጠፋ ይችላል። መንገድ ደግሞ እንደ ሕንፃ በአንድ ቦታ የሚያርፍ ሳይሆን ሸለቆውን፣ ኮረብታውንና የወንዙን ዳር እያቋረጠ የሚሄድ በመሆኑ፣ ሰዎች ለመስፈር ይመርጧቸው የነበሩ ቦታዎችን መንካቱ አይቀርም።

ጥናቱ የሚጀምረው ከቢሮ ነው። ባለሙያዎቹ የቆዩ ካርታዎችን፣ የአየር ፎቶግራፎችን፣ ቀደም ሲል የተመዘገቡ ቅርሶችን ዝርዝርና ከተገኘም የላይዳር (ከአየር ላይ በሌዘር ጨረር የገጸ ምድሩን ቅርጽ የሚለካ መሣሪያ) መረጃን ይመረምራሉ፤ የአካባቢውን ሽማግሌዎችም ይጠይቃሉ። ቀጥሎ በመንገዱ መስመር ላይ ርቀታቸውን ጠብቀው ጎን ለጎን በመጓዝ መሬቱን ያስሳሉ፤ ያገኙትን ገልና የተጠረበ ድንጋይም ቦታውን በጂፒኤስ ይመዘግባሉ። አስፈላጊ ሲሆን የመሬቱን መግነጢሳዊ ለውጥ በሚለካው ማግኔቶሜትር የተቃጠለ አፈርንና የተደፈኑ ቦዮችን፣ ወደ መሬት ውስጥ ሞገድ በሚልክ ራዳር ደግሞ የተቀበሩ ግድግዳዎችን ይፈልጋሉ፤ ሆኖም ራዳር በሸክላማ አፈር ውስጥ ብዙ ርቆ አያይም። በመጨረሻ የሙከራ ቦዮች ይቆፈራሉ። በእንግሊዝና በፈረንሳይ የተለመደው፣ ጥርስ በሌለው የኤክስካቫተር ባልዲ ሁለት ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸውን ቦዮች በየቦታው ከፍቶ ከጠቅላላው መሬት ጥቂት በመቶ ያህሉን ማየት ነው።

በቦዩ ወለል ላይ መዳፍ የምታህል ክብ ጥቁር ምልክት ብትታይ አርኪዮሎጂስቱ በአንድ ጊዜ አይዝቃትም። በመጀመሪያ ግማሿን ብቻ በትንሽ ማንኪያ እየጠረገ ያወጣል፤ ያልተቆፈረው ግማሽ እንደ ግድግዳ ቆሞ ስለሚቀር፣ አፈሩ በምን ቅደም ተከተል እንደተሞላና ምሰሶው በስብሶ ይሁን ተነቅሎ እንደጠፋ ከጎን ሊነበብ ይችላል። ከሥሯ የተገኘ ከሰል በውስጡ የቀረውን ራዲዮአክቲቭ ካርበን ለሚለካው የካርበን 14 ምርመራ ከተላከ ዕድሜዋ ሊታወቅ ይችላል። ከዚህች ምልክት አጠገብ ሌሎች በክብ ተሰልፈው ከተገኙ ቤት ተገኘ ማለት ነው፤ ከገጸ ምድሩ ላይ ሆኖ ግን ይህን ማወቅ የሚችል ሰው የለም።

መጓተትን በተመለከተ የሚወስነው ጥናቱ የተጀመረበት ጊዜ ነው። መንገዱ ገና በወረቀት ላይ ያለ መስመር ሳለ ጥናቱ ከተካሄደ፣ መስመሩን ጥቂት ሜትሮች ማዛወር ወይም ቦታውን ሳይቆፍሩ በሙሌት አፈር ሸፍኖ ማለፍ ይቻላል። ማሽኖች ከገቡ በኋላ ግን ሁሉም አማራጭ ውድ ይሆናል። በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋው ስህተት ዋናውን መስመር በጥንቃቄ አጥንቶ የአፈርና የድንጋይ ማውጫውን፣ ካምፑንና ተለዋጭ መንገዱን መዘንጋት ነው፤ ማሽኑ ሁሉንም እኩል ይቆፍራቸዋልና።

ጥናቱ የሚያስገኘውን ለማየት በእንግሊዝ አገር ኬምብሪጅንና ሀንቲንግደንን የሚያገናኘውን ኤ14 መንገድ መመልከት ይበቃል። ከ2016 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. በተካሄደው ቁፋሮ እስከ 250 የሚደርሱ አርኪዮሎጂስቶች የተሰማሩ ሲሆን፣ ከቅድመ ታሪክ የመቃብር ስፍራዎች አንሥቶ በመካከለኛው ዘመን ሰው ጥሎት እስከሄደው መንደር ድረስ ያለ የሰፈራ ታሪክ በአንድ መንገድ መስመር ላይ ተገኝቷል።

ጥያቄ፦ ጥናቱ «ምንም አልተገኘም» ብሎ ካበቃ በኋላ በሥራ ላይ ቅርስ ቢወጣስ? ጥናቱ ከንቱ ነበር ማለት አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። የሙከራ ቦይ ናሙና እንጂ ሙሉ ምርመራ ስላልሆነ በቦዮቹ መካከል የሚያልፍ ነገር ይኖራል። በአየርላንድ፣ በታራ ኮረብታ አቅራቢያ በሚያልፈው ኤም3 አውራ ጎዳና መስመር ላይ፣ በሊስሙሊን 80 ሜትር ያህል ስፋት ያለው የብረት ዘመን ክብ አጥር አሻራ ይፋ የሆነው በ2007 እ.ኤ.አ. ነበር። ቅርጹን የሠሩት ቀጫጭን እንጨቶች የቆሙባቸው ትናንሽ ጉድጓዶች በመሆናቸው የላይኛው አፈር ሰፋ ብሎ እስኪነሣ ድረስ ሙሉ መልኩ አልታየም። ቦታው ብሔራዊ ሐውልት ተብሎ ታወጀ፤ ይሁንና መስመሩ አስቀድሞ ተወስኖ ስለነበር በቁፋሮ ከተመዘገበ በኋላ መንገዱ በላዩ አልፏል። የዚህ ዓይነቱ ቦታ ከዲዛይኑ በፊት ቢታወቅ ኖሮ ምርጫው ሰፊ በሆነ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ የሥራ ውሉ ድንገተኛ ግኝት ሲያጋጥም የሚደረገውን በግልጽ መደንገግ አለበት፤ የዓለም ባንክም ገንዘብ ለሚሰጣቸው የግንባታ ውሎች ይህንኑ ይጠይቃል። በዚያ ቦታ ያለው ሥራ ወዲያውኑ ይቆማል፣ ዙሪያው ይታጠራል፣ ዕቃው ከነበረበት ሳይነሣ ለቅርስ ባለሥልጣኑ ይነገራል። ዕቃውን «ለጥበቃ» ብሎ ወደ ካምፕ መውሰድ በቅንነት ቢደረግም ጉዳት ነው፤ ከየትኛው የአፈር ንብርብር እንደወጣ ያልታወቀ ገል ከትርጉሙ አብዛኛውን አጥቷል። ግኝቱን በመጀመሪያ የሚያየው የማሽን ኦፕሬተሩ ነውና አጭር ሥልጠና ሊሰጠው ይገባል፤ በማቆሙም የቀን አበሉ መነካት የለበትም።

ጥያቄ፦ የጥናቱን ወጪ የሚሸፍነው ማን ነው?

መልስ፦ እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል፤ ሰፊ ተቀባይነት ያገኘው መርህ ግን መሬቱን የሚያናውጠው አካል ይክፈል የሚለው ነው። የአውሮፓ ምክር ቤት በ1992 እ.ኤ.አ. በማልታ፣ ቫሌታ ያስፈረመው ስምምነት ይህንኑ ይዟል። እርስዎ በጀት ሲይዙ ቁፋሮውን ብቻ አያስቡ፦ የላቦራቶሪ ምርመራው፣ የሪፖርቱ ዝግጅትና የተገኙት ዕቃዎች የሚቀመጡበት ቦታ ሜዳው ላይ ከሚጠፋው ጊዜ በላይ ሊወስዱ ስለሚችሉ፣ ከመጀመሪያው ውል ውስጥ ራሳቸውን ችለው በመስመር በመስመር ይጻፉ።