የማን እንደሆንሽ ሳይታወቅ መምከር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ቴክሳስ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አንደኛ ዓመት ላይ ሶሮሪቲ (የሴት ተማሪዎች ማኅበር) ገብቼ እስካሁን አባል ነኝ። ዘንድሮ በነሐሴ ሶሮሪቲዎቹ አዲስ አባላት ለሚመርጡበት ምልመላ ገለልተኛ አማካሪ እንድሆን ተመርጫለሁ። ምልመላው እስኪያልቅ የየትኛው ሶሮሪቲ አባል እንደሆንኩ ለአዲሶቹ ልጆች አልናገርም፤ የሶሮሪቲያችን ስም የግሪክ ፊደል ያለበት ልብስ አልለብስም፤ ወደ ሶሮሪቲያችን ቤትም አልሄድም። የቻፕተሬ፣ ማለትም የግቢያችን ቅርንጫፍ፣ ልጆች «ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ጥለሽን ሄድሽ» ብለው አኩርፈውኛል። እናቴ ደግሞ «ማንነትሽን ደብቀሽ ሰው ልትመክሪ? ይሄማ ውሸት ነው» አለችኝ። ከሁሉ የከበደኝ ታናሽ እህቴ ዘንድሮ እኛው ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፤ ለምልመላውም ተመዝግባለች። ልተወው ወይስ ልግፋበት?

መልስ፦ ልጄ፣ አትተዪው። እኔም ከደቡብ የአሜሪካ ግዛቶች በአንዱ ስማር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 እና በ2007፣ ይህንኑ ሥራ ሠርቻለሁ። አንዳንዱ ግቢ ሮ ጋማ፣ አንዳንዱ ፓይ ካይ ይለዋል፤ ሥራው ያው ነው። ከሶሮሪቲ ዘመኔ ሁሉ ለሰው ጠቀምኩ የምለው በእነዚያ ቀናት ነው።

ከእናትሽ ልጀምር፤ ጥያቄዋ ከሁሉም ይከብዳል። ውሸት የሚሆነው ሰው ምንም እንዳልደበቀ መስሎ ሲደብቅ ነው። አንቺ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ልጆቹ ሣር ላይ ክብ ሠርተው ሲቀመጡ፣ «እኔም የአንዱ ሶሮሪቲ አባል ነኝ፤ የትኛው እንደሆነ ግን እስከ ቢድ ዴይ አልነግራችሁም» ብለሽ ትጀምሪያለሽ። ቢድ ዴይ ልጆቹ ቢዳቸውን፣ ማለትም የአባልነት ጥሪያቸውን፣ የሚቀበሉበት የመጨረሻው ቀን ነው። መደበቅሽን ሁሉም ያውቃል። ለእናትሽ የሽማግሌን ነገር አንሺላት። ባልና ሚስት ሊያስታርቅ የተቀመጠ ሰው የባልየው አጎት ቢሆን እንኳ፣ ለዚያች ሰዓት አጎትነቱን በር ላይ ትቶ ይገባል። ካልተወው ሚስቲቱ አፏን አትከፍትለትም።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ገለልተኛነቱ ለሶሮሪቲዎቹ ፍትሕ ሲባል ብቻ የተደረገ ይመስለዋል፤ አንዱ ቤት (ሶሮሪቲን እንዲህ ነው የምንጠራው) በአማካሪ በኩል ልጆች እንዳይስብ። እሱም አለበት። እኔ ሥራው ላይ ሆኜ ያየሁት ግን ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ያልተጠራችውን ልጅ ነው።

አሠራሩን አንቺ በሌላ በኩል ሆነሽ አይተሽዋል። በመጀመሪያው ዙር ልጆቹ ብዙ ቤት ይጎበኛሉ፤ ከዚያ በየዙሩ ቁጥሩ እየቀነሰ እስከ መጨረሻው ዙር፣ እስከ ፕሪፈረንስ፣ ይደርሳል። ማታ ማታ ልጅቷ የወደደቻቸውን ቤቶች ታስቀምጣለች፣ ቤቶቹም መልሰው የሚጠሯቸውን ልጆች ያስገባሉ፤ ሁለቱ ተመሳክረው በማግስቱ ጠዋት ፕሮግራሟ ይደርሳታል። ለቡድንሽ ልጆች ያን ፕሮግራም የምታደርሺው አንቺ ነሽ። በእኛ ጊዜ ወረቀት ነበር፣ አሁን ስልክ ላይ ነው። በሁለቱም ቢሆን ልጅቷ ስታነበው አጠገቧ የምትገኘው አማካሪዋ ናት።

በ2007 ነው። ሁለተኛው ዙር ጠዋት አንዲት ልጅ ወረቀቷን ተቀብላ ሁለት ጊዜ አገላበጠችው፤ ጀርባው ላይ ሌላ ስም የተጻፈ መስሏት። ከዚያ የአዳራሹ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተመኘችው ቤት መልሶ አልጠራትም። ያ ቤት የእኔ ነበር። አዲስ ጫማዋ ተረከዟን ልጦት ስለነበር ፕላስተር አውጥቼ እየለጠፍኩላት ሳለ «ምን አድርጌያቸው ነው?» አለችኝ። ለምን እንዳልጠሯት አላውቅም፤ ምርጫው ሲደረግ እኔ ውጭ ነበርኩ። ባውቅም መናገር አልችልም ነበር። «ምንም አላደረግሽም፤ ሃያ ደቂቃ ያየሽ ሰው ስላንቺ ይህን ያህል ሊያውቅ አይችልም» አልኳት፤ አጠገቧም ተቀመጥኩ። ሸሚዜ ላይ የቤቴ ፊደል ቢኖር ኖሮ ያን ጥያቄ ልትጠይቀኝ፣ እኔ ፊት ልታለቅስስ ትችል ነበር? ፊቷን አጥባ ወደ ቀጣዩ ቤት ሄደች። የገባችውም ሌላ ሶሮሪቲ ነው። ቢድ ዴይ ላይ የእኔን ፊደል ስታይ ረጅም ጊዜ አየችውና «ለዚህ ነው እንዴ ዝም ያልሽው?» አለችኝ።

ዝምታ ግን አፍ መዝጋት ብቻ አይደለም። በመጀመሪያው ዓመቴ አንዲት ልጅ ሁለት ቤቶች ጠርታ ስታወራኝ በአንዱ ላይ «እሰይ» የሚል ቃል አመለጠኝ፤ በሌላው ላይ ምንም አላልኩም። ልጅቷ ዝምታዬን «መጥፎ ነው ማለቷ ነው» ብላ ተረጎመችው፣ ለጓደኞቿም ነገረች። ማታውኑ ምልመላውን ለሚመራው የሶሮሪቲዎች ምክር ቤት፣ ለፓንሄሌኒክ፣ ኃላፊ ተናግሬ፣ ልጅቷን ጠርቼ «ያን ቃል እርሺው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት። ከዚያ ወዲያ ለሁሉም ቤት እኩል ፊት ማሳየትን መስተዋት ፊት ተለማመድኩ። አንቺም ተለማመጂ።

ገለልተኛ መሆን ማለት ደግሞ መረጃ መከልከል አይደለም። ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ልጆቹ በየቤቱ እንዲጠይቁ ግፊያቸው፤ ወላጆቻቸው ሁለት ሥራ የሚሠሩ ልጆች ይህን ለመጠየቅ ያፍራሉ። የእኛ ልጆችም ይመጡልሻል። አንዷ «አልፋ ካፓ አልፋ የትኛው ቀን ነው የምንጎበኘው?» ብላኛለች። በዚህ ሳምንት የሚሳተፉት በ1902 የተመሠረተው የናሽናል ፓንሄሌኒክ ኮንፈረንስ አባላት ናቸው። በ1908 የተመሠረተው አልፋ ካፓ አልፋና በ1913 የተመሠረተው ዴልታ ሲግማ ቴታ፣ ሁለቱም ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የወጡ፣ በ1930 እዚያው ሃዋርድ በተቋቋመው በሌላው፣ በጥቁር ተማሪዎች ማኅበራት፣ ምክር ቤት ሥር ናቸው፤ አባል የሚቀበሉትም በራሳቸው ጊዜና ሥርዓት ነው። ይህን ለልጅቷ መንገር ማድላት አይደለም። ሳታውቅ የማትፈልገውን እንድትፈርም መተው ግን በደል ነው።

ፊርማ ካልን ከባዱ ምሽት ፕሪፈረንስ ነው። የመጨረሻው ጉብኝት እንዳለቀ ልጅቷ የምትፈርመው ስምምነት አሳሪ ነው። ከዘረዘረቻቸው ቤቶች አንዱ ቢድ ሰጥቷት እምቢ ካለች፣ በዚያ ግቢ ሌላ የፓንሄሌኒክ ሶሮሪቲ ለመግባት የሚቀጥለውን ዓመት ምልመላ መጠበቅ አለባት። ስለዚህ «የማትገቢበትን ቤት አትጻፊ» ብለሽ ሕጉን አንብቢላት። አንድ ብቻ ብትጽፍ ደግሞ ያለ ቢድ ልትቀር እንደምትችልም ንገሪያት። ያኔ እጅሽን ይዛ «አንቺ ብትሆኚ የቱን ትመርጫለሽ?» ትልሻለች። እኔ መልሼ የምጠይቃቸው ነገር ነበረኝ፤ «የቱ ቤት ሆነሽ ነው ሰዓትሽን ማየት የረሳሽው?» እና «ከቤት መጥፎ ስልክ ቢደወልልሽ ዛሬ ካገኘሻቸው የማንን በር ታንኳኪያለሽ?» ብዙዎቹ ለሁለተኛው ሲመልሱ ብዕሩን ያነሳሉ።

የቻፕተርሽ ልጆች ኩርፊያ ያልፋል፤ በቢድ ዴይ ማታ አብረሽ ትጨፍሪያለሽ። ኢንስታግራምሽን ግን ዛሬውኑ ዝጊው፣ የሌሎችንም ፎቶ ፈትሺ። እኔ የቁልፍ መያዣዬን ደብቄ በቃኝ፤ በ2021 የአላባማው ምልመላ ቲክቶክን ካጥለቀለቀ ወዲህ ግን አዲሶቹ ልጆች ገና ሳይመጡ ስምሽን ፈልገው ያገኙሻል።

እህትሽ። ቡድን ሳይመደብ በፊት ለፓንሄሌኒክ ቢሮው ንገሪ፤ አንቺ ጋ እንዳትመደብ። የየትኛው ቤት እንደሆንሽ እሷ ታውቃለች፤ ይህን መመለስ አይቻልም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ ስለ ቤትሽ አትጠይቅሽ፣ የቤትሽን ስም ከአንቺ ጋር አያይዛ ለጓደኞቿ አታንሳ፣ አንቺም ስሟን ለቻፕተርሽ ልጆች አታድርሺ። «እህቴ ስላለች ይወስዱኛል» ብላ እንዳታስብም አስጠንቅቂያት፤ ብዙ ሶሮሪቲዎች ለአባላት ዘመድ ይሰጡት የነበረውን ቅድሚያ በቅርብ ዓመታት አንስተዋል። እያለቀሰች ከደወለችልሽ እንደ እህት ስሚያት፣ የምርጫውን ጥያቄ ግን ወደ ራሷ አማካሪ መልሺው። እናታችሁም በዚያ ሳምንት ከአንዳችሁ ወደ ሌላችሁ ወሬ እንዳታመላልስ ለምኗት።

ቢድዋን ስትከፍት አጠገቧ አትሆኚም፤ አንቺ ያን ሰዓት ከቡድንሽ ልጆች ጋር ነሽ፣ ምናልባትም ምንም ካልደረሳት ልጅ ጋር። ይህን አሁኑኑ ንገሪያት።